ማዕረግና ባልንጀርነት፤ ስለ ካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሮች በነበርንበት ጊዜ፣ በየመንፈቁ መጨረሻ አስተማሪያችን ክፍሉን በሙሉ አቁመው ስማችንን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በተራ ያነቡ ነበር። ስሙ የተጠራ ይቀመጣል፤ ማንም ሳይቀር ተቀምጦ ብቻውን ቆሞ የቀረው አንደኛ ነው። በሌላ ስፍራ የተማሩ ባልንጀሮቻችንም ይህንን የመሰለ ሥርዓት እንደሚያስታውሱ አንጠራጠርም። በመጨረሻው ዓመት ለመልቀቂያ ፈተና ስንዘጋጅ፣ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ብቻ የነበረው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፈለገና ታጣ። ፈተናው ባለቀ በአራተኛው ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ ተሸጉጦ ተገኘ። ማን እንደ ሸጐጠው አልታወቀም። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንቶች እያንዳንዳችን ሌላውን ስንጠረጥር ሰነበትን፤ ማስታወሻ ደብተራችንንም ከትራሳችን ሥር አድርገን መተኛት ለመድን።

ይህን ትዝታ ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ትቶብን ስላለፈ ነው እንጂ። ተማሮች በማዕረግ ተራ በሚወዳደሩበት ቦታ ባልንጀርነታቸው ምን ይሆናል? ውድድሩ ያጠፋዋልን፣ ወይስ ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሳችን ልምድ ብቻ መመለስ አድሎ ይኖርበታል። ስለዚህ የተማሮች ውድድር ከሁሉ ይልቅ ወደ በረታበትና ታሪኩም በሚገባ ተጽፎ ወደ ተቀመጠበት ቦታ፣ ይኸውም ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ካምብሪጅ ዩኒቬርሲቲ ፊታችንን መልሰን ጉዳዩን ለመመርመር ሞክረናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ያስታውስ ዘንድ እንለምናለን።

1. ፈተናውና የማዕረጉ ተራ

በካምብሪጅ ለክብር ዲግሪ የሚያበቃው የሒሳብ ፈተና «ትራይፖስ» ይባላል። ስሙ የመጣው በጥንት ጊዜ በላቲን ቋንቋ ክርክር ሲደረግ ተከራካሪው ይቀመጥበት ከነበረው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው ይባላል። ክርክሩ ቀስ በቀስ ቀርቶ በጽሑፍ ፈተና ተተካ። የሆነ ሆኖ የክርክሩ ዘመን ትዝታ በማዕረጉ ስም ላይ ቀርቷል፤ በአንደኛው ክፍል ያለፉት ተማሮች «ራንግለር» ይባላሉና፤ ትርጓሜውም «ተከራካሪ» ማለት ነው። ከእነርሱ በታች ያሉት ሁለት ክፍሎች «ሲኒየር ኦፕቲሜ» እና «ጁኒየር ኦፕቲሜ» ይባሉ ነበር።

ከ1748 ጀምሮ ያለፉት ተማሮች ስም በዝርዝር መታተም ጀመረ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሳይሆን በውጤት ተራ ነበር። ከሁሉ በላይ የወጣው «ሲኒየር ራንግለር» ተባለ፤ ቀጣዩ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይወርዳል። ሲኒየር ራንግለር የሆነ ሰው ስሙ በጋዜጣ ይወጣል፤ ኮሌጁና የተወለደበት ከተማ ይኰሩበታል፤ ብዙ ጊዜም «ፌሎው» የሚባለውን የኮሌጅ ባልደረባነት አግኝቶ ኑሮው ይቃናል።

የፈተናውን ክብደት ለማስረዳት የ1854ን ዓመት እንውሰድ። በዚያ ዓመት ተፈታኞቹ 8 ቀን ተቀምጠው በ16 የጥያቄ ወረቀቶች የቀረቡላቸውን 211 ጥያቄዎች ለመመለስ ተገደዋል። የተሰጣቸው ሰዓት በጠቅላላው 44 ሰዓት ተኩል ነበር። ጊዜውም የጥር ወር ብርድ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው ሊቅ በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ከ17,000 ነጥብ ውስጥ በአንድ ዓመት ሲኒየር ራንግለሩ ያገኘው ከ7,500 በላይ ነበር፤ የመጨረሻው ራንግለር 1,500 ያህል፣ የዝርዝሩም መጨረሻ የሆነው ሰው ከ300 በታች አገኙ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። በመጀመሪያ፣ አንደኛ የወጣው እንኳ የጥያቄዎቹን ግማሽ አላገኘም። ሁለተኛም፣ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፣ ውድድሩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የፍጥነትና የጽናትም ነበር።

ይሁን እንጂ ለማዕረጉ ተራ ፍትሕ መስጠት ይገባናል። በዘርና በሀብት በሚመካው በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ማኅበር ውስጥ፣ ተፈታኙ የማን ልጅ እንደሆነ የማይጠይቅ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ዝርዝር ነበር። በ1816 ሁለተኛ ራንግለር የሆነውና በኋላ በ1841 የትሪኒቲ ኮሌጅ አለቃ የተባለው ዊልያም ሂዩዌል የአናጢ ልጅ ነበር። በ1843 አንደኛ የወጣው፣ ኔፕቱን ስለሚባለው ፕላኔት ባደረገው ስሌት የታወቀው ጆን ካውች አዳምስ፣ በሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ ልጅ ነበር። ስለዚህ የማዕረግን ተራ በጭፍን የሚነቅፍ ሰው፣ ተራው ባይኖር ኖሮ ቦታውን የሚይዘው ማን እንደ ነበረ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

2. አስጠኚዎቹ

ውድድሩ እየበረታ በሄደ ጊዜ የኮሌጅ ትምህርት ብቻ አልበቃ አለ። ተማሮቹ ገንዘብ እየከፈሉ ወደ ግል አስጠኚዎች ይሄዱ ጀመር። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ ከሁሉ ይበልጥ ዝነኞች ናቸው። የመጀመሪያው ዊልያም ሆፕኪንስ ነው። እርሱም በ1827 ሰባተኛ ራንግለር ሆነ፤ ነገር ግን ሚስት ያገባ ሰው በዚያ ዘመን ፌሎው መሆን አይፈቀድለትም ነበርና በማስጠናት መኖር ጀመረ። ብዙ አንደኞች ከእጁ ስለወጡ «የሲኒየር ራንግለሮች ሠሪ» የሚል ስም ወጣለት። ሁለተኛው ኤድዋርድ ራውዝ ነው። እርሱ 600 ያህል ተማሮችን ሲያስጠና፣ ከነዚህ መካከል ከ25 በላይ የሚሆኑት አንደኛ ወጥተዋል፤ ከሃያ ዓመት በላይም ያለማቋረጥ በየዓመቱ አንደኛው የእርሱ ተማሪ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። አስጠኚው ተማሮቹን የሚያስተምረው አንድ ባንድ ሳይሆን በአነስተኛ ቡድን ነበር። ስለዚህ በጥር ወር እርስ በርሳቸው የሚሸናነፉት ሰዎች ዓመት ሙሉ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ያንኑ ጥያቄ እየሠሩ፣ አንዱ የሌላውን መፍትሔ እያየ ነበር የሚማሩት። ከሰዓት በኋላም በመስኩ ላይ አብረው ይሄዳሉ ወይም በካም ወንዝ ላይ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ባላንጣና ባልንጀራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም።

3. ሁለተኛ የወጣው ሰው

በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1841 ከግላስጎ መጥቶ ፒተርሃውስ ኮሌጅ ገባ። ገና ተማሪ ሳለ በሒሳብ መጽሔት ላይ ጽሑፎችን ያወጣ ስለ ነበር፣ ሲኒየር ራንግለር እንደሚሆን ሁሉም ተስፋ አድርጎ ነበር። አባቱም የሒሳብ ፕሮፌሶር ነበሩና የልጃቸውን ጊዜና ገንዘብ በጥብቅ ይቈጣጠሩ ነበር። ልጁ ከጓደኛው ጋራ ተካፍሎ አንዲት ትንሽ ጀልባ መግዛቱን በሰሙ ጊዜ ከትምህርቱ ያስተጓጕለዋል ብለው ተጨነቁ። ቶምሰን ግን መቅዘፉን አልተወም፤ በ1843 በአንድ ሰው ጀልባ ውድድር የብር መቅዘፊያ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ባልንጀሮቹ የዩኒቬርሲቲውን የሙዚቃ ማኅበር ሲያቋቁሙ እርሱም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ ሆርን የሚባለውን የነሐስ መለከት ይነፋ ነበር።

በጥር 1845 የፈተናው ውጤት ሲነበብ አንደኛ የወጣው የሴንት ጆንስ ኮሌጅ ተማሪ የሆነው እስቲቨን ፓርኪንሰን ነበር። ቶምሰን ሁለተኛ ሆነ። ፓርኪንሰን በመጽሐፍ ያለውን አጥንቶ ያለ ስሕተት በፍጥነት በመጻፍ ብልጫ አገኘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጥልቅ አስተሳሰብ የሚጠይቀው የስሚዝ ሽልማት ፈተና ሲደረግ ተራው ተገለበጠ፤ ቶምሰን አንደኛ፣ ፓርኪንሰን ሁለተኛ ሆኑ። ባንድ ወር ውስጥ በእነዚያው በሁለቱ ሰዎች መካከል የተደረጉት ሁለት ፈተናዎች ሁለት የተለያየ ፍርድ ሰጡ ማለት ነው።

ነገር ግን ለእኛ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በዚያው ወር የሆነ ሌላ ነገር ነው። ጆርጅ ግሪን የተባለ የኖቲንግሃም ባለ ወፍጮ፣ በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት በሒሳብ የተደገፈ አንድ ጽሑፍ በራሱ ድካም አሳትሞ ነበር። ግሪን በ40 ዓመቱ ካምብሪጅ ገብቶ በ1837 አራተኛ ራንግለር ሆነ፤ በ1841ም ዐረፈ፤ ጽሑፉን ግን ያነበበው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ቶምሰን ስለዚህ ጽሑፍ በአንድ መጣጥፍ ላይ ተጠቅሶ አይቶ አጥብቆ ቢፈልገውም ከመጻሕፍት ሻጮች ዘንድ አጣው። ፈተናው አልፎ ከካምብሪጅ ሊነሣ ሲል ለአስጠኚው ለሆፕኪንስ ይህንኑ ቢያጫውተው፣ ሆፕኪንስ ከመደርደሪያው አውጥቶ ሰጠው። ቶምሰንም ወደ ፓሪስ ይዞት ሄዶ በዚያ ላሉት የሒሳብ ሊቃውንት አሳያቸው፤ በኋላም በጀርመን አገር መጽሔት እንደገና እንዲታተም አደረገ። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «የግሪን ቴዎሬም» ከመረሳት የዳነው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ በጥር 1845 በካምብሪጅ ሁለት ነገሮች ተፈጽመዋል። አንደኛው የማዕረግ ዝርዝር መታወጁ፣ ሁለተኛው አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው። የመጀመሪያውን ጋዜጦች ጻፉት፤ ሁለተኛውን ያየ ሰው አልነበረም። ለዕውቀት የበለጠ የጠቀመው የትኛው እንደሆነ ለአንባቢያችን ፍርድ እንተወዋለን።

የዚህ ዓይነት ነገር በ1854ም ደርሷል። ከላይ የጠቀስነው ራውዝ አንደኛ፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ሁለተኛ ወጡ፤ በስሚዝ ሽልማት ግን እኩል ሆኑ። ማክስዌል በተማሪነቱ በፈተናው ብቻ አልተወሰነም። «ሐዋርያት» በሚል ቅጽል ስም በሚጠራው፣ በ1820 በተቋቋመው የውይይት ማኅበር አባል ነበረ። በዚህ ማኅበር አባሎቹ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው፣ ተራ የደረሰው ጽሑፍ ያነብባል፣ ሌሎቹም ያለ ይሉኝታ ይከራከሩታል። ነጥብ የሚሰጥ አልነበረም፤ አንደኛም ሁለተኛም አልነበረም። ማክስዌል በኋላ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በሒሳብ ያሳየ ታላቅ ሊቅ ሆነ። ራውዝም ቢሆን የታወቀ የሒሳብ ሰው ነውና ክብሩን አንነፍገውም፤ ነገር ግን በ8 ቀን ፈተና የተለካው ልዩነት በዕድሜ ልክ ሥራ ከተለካው ጋራ እንዳልተስማማ ግልጥ ነው። በ1788 ዘጠነኛ የወጣው ማልቱስ፣ በ1893 ሰባተኛ የወጣው በርትራንድ ራስልና በ1905 ዐሥራ ሁለተኛ የወጣው ኬይንስም ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

4. የእንጨቱ ማንኪያ

ስለ አንደኞቹ ይህን ካልን፣ ስለ መጨረሻውም ሰው መናገር ተገቢ ነው። በክብር ዝርዝሩ መጨረሻ የተጻፈው ተማሪ ከባልንጀሮቹ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ይሸለም ነበር። ዲግሪውን ለመቀበል በሴኔት ቤት ተንበርክኮ ሳለ፣ ተማሮቹ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ማንኪያውን በገመድ ወደ እርሱ ያወርዱለት ነበር። ቤቱ በሣቅና በጭብጨባ ይናጋል።

ይህ ነገር ሲታይ ጭካኔ ይመስላል፤ በከፊልም ጭካኔ አለበት። ነገር ግን በደንብ ስንመረምረው ሌላ ትርጓሜ እናገኝበታለን። ዝርዝሩ ሰውየውን ብቻውን ከታች አስቀመጠው፤ ባልንጀሮቹ ግን ማንኪያ ሠርተው፣ ገመድ አዘጋጅተው፣ ተሰብስበው መጡለት። የመካከለኞቹ ስም በማንም ሳይታወስ ሲቀር፣ የመጨረሻው ሰው ከአንደኛው ቀጥሎ ስሙ የታወቀ ሆነ። የመጨረሻው ማንኪያ በ1909 የተሰጠው ለሴንት ጆንስ ኮሌጅ ቀዛፊ ነበር፤ የተሠራውም ከጀልባ መቅዘፊያ ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ በላዩም የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የጀልባ ጓደኞቹ የሒሳብ ድክመቱን በመቅዘፊያው ሸፈኑለት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

5. ከበሩ ውጭ የቀሩት

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ በር ተከፍቶላቸው ስለገቡት ነው። ባልንጀርነት መልካም ነገር መሆኑን ከማወጃችን በፊት ግን፣ የማን ባልንጀርነት እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር በ1837 ሁለተኛ ራንግለር ሆነ። ነገር ግን አይሁዳዊ ነበርና፣ ዲግሪ ለመቀበል ግዴታ በነበሩት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 39 የእምነት አንቀጾች ላይ ለመፈረም ኅሊናው አልፈቀደለትም። ስለዚህ ከአራተኛው ከግሪን በላይ ሁለተኛ የወጣው ሰው ያለ ዲግሪ ሄደ፤ የስሚዝንም ሽልማት ለመወዳደር አልተፈቀደለትም። ካምብሪጅ ዲግሪውን የሰጠችው ከ35 ዓመት በኋላ በ1872 ነው። በ1869 ደግሞ ኑማ ሃርቶግ የተባለ ሌላ አይሁዳዊ ሲኒየር ራንግለር ሆነ። በዚያን ጊዜ ዲግሪው ተፈቅዶ ነበር፤ ፌሎው መሆን ግን እምነትን የሚመለከት ፊርማ ይጠይቅ ስለ ነበር ለእርሱ የተዘጋ ሆነ።

በዚያው በ1869 ሄንሪ ሲጅዊክ የተባለ የትሪኒቲ ፌሎው፣ በማያምንበት ነገር ፈርሞ ደመወዝ መብላት አይገባኝም ብሎ ባልደረባነቱን በፈቃዱ ለቀቀ። ሲጅዊክ በ1859 በሒሳብ ዝርዝር 33ኛ የወጣ ሰው ነበር፤ የ«ሐዋርያት» ማኅበር አባልም ነበርና፣ ሳያፍሩ እውነትን መናገር የተማረው በዚያ እንደሆነ ራሱ መስክሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1871 የእንግሊዝ ፓርላማ የእምነት ፊርማውን በሕግ አስቀረ። ሃርቶግ ግን በዚያው ዓመት በፈንጣጣ ሞተ።

የሴቶችም ታሪክ ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። ሄንሪ ፎሴት በ1856 ሰባተኛ ራንግለር የሆነ የትሪኒቲ ሆል ሰው ነበር። በ1858 ወደ አደን ወጥተው ሳሉ አባቱ በተኰሱት ጠመንጃ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ወደ ኮሌጁ ተመልሶ ከባልንጀሮቹ ጋራ መኖር ጀመረ፤ ከእነርሱ ጋራ በእግሩ ይጓዛል፣ ይቀዝፋል፣ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ መጻሕፍትም ይነበቡለታል። በ1863 የኤኮኖሚ ፕሮፌሶር ሆነ፤ በ1880ም የአገሩ የፖስታ ሚኒስትር ተባለ። የቅርብ ባልንጀራው ሌስሊ ስቲቨን በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፎለታል። በፎሴትና በባለቤቱ በሚሊሰንት ቤት በ1869 በተደረገ ስብሰባ ነው ለሴቶች ትምህርት የመስጠቱ ነገር የተመከረው። ከዚያም ሲጅዊክ በ1871 አንድ ቤት ተከራየና አምስት ሴቶች ገቡበት፤ ይህም በኋላ ኒውንሃም ኮሌጅ ሆነ።

ያ ስብሰባ በተደረገ ጊዜ የፎሴት ልጅ ፊሊፓ ገና ሕፃን ነበረች። አድጋ ኒውንሃም ገባች። ሴቶች ከ1881 ጀምሮ ፈተናውን እንዲፈተኑ ተፈቅዶ ነበር፤ ዲግሪ ግን አይሰጣቸውም፤ ስማቸውም ከወንዶቹ ዝርዝር በኋላ ለብቻው ይነበባል። በሰኔ ወር 1890 የሴቶቹ ዝርዝር ሲነበብ፣ የፊሊፓ ፎሴት ማዕረግ «ከሲኒየር ራንግለሩ በላይ» ተባለ። ከሁለተኛው ሰው በ13 ከመቶ ያህል ትበልጥ ነበር። በሴኔት ቤት የነበሩት ወንዶች ተማሮች ለረጅም ጊዜ እልል አሉላት። ማታም የኒውንሃም ተማሮች እሳት አንድደው በትከሻቸው ተሸክመው በዙሪያው አዞሩአት።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ነገር በዩኒቬርሲቲው ድምፅ ተሰጠበት። በዚያ ቀን የወንዶቹ ተማሮች በሴኔት ቤት ፊት ለፊት በቢስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል ሠርተው በገመድ አንጠለጠሉ። ድምፁ በትልቅ ብልጫ እንቢ የሚለው ሲያሸንፍ፣ ምስሉን ቀዳደው ወደ ኒውንሃም በር ወሰዱት። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠችው በ1948 ነው፤ ፊሊፓ ፎሴትም በዚያው ዓመት ዐረፈች።

የ1890ውን እልልታና የ1897ቱን ምስል ጐን ለጐን ስናያቸው እናዝናለን፤ ነገር ግን ትምህርት አለበት። ለአንዲት አስደናቂ ሴት ማጨብጨብ ቀላል ነበር፤ ምንም አያስከፍልምና። ቦታን ማካፈል ግን ሌላ ነገር ሆነ። ማንኪያውን በገመድ ያወረዱትና ምስሉን በገመድ የሰቀሉት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ አብሮ መሣቅና አብሮ መጮኽ ብቻውን ባልንጀርነት አይባልም። ፎሴትን ክንዱን ይዘው ያራመዱት፣ ሲጅዊክን ጥቅሙን እስኪተው ድረስ ያበረቱት ሰዎች ያደረጉት ግን ከዚህ ይለያል፤ የእነርሱ ባልንጀርነት ሌላ ሰው ሊገባበት የሚችል በር ከፈተ።

6. የተራው መሻር

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የማዕረጉ ተራ ጉዳቱ እየታየ መጣ። ተማሮች ለፈተናው ብልሃት ሲሉ በጀርመንና በፈረንሳይ አገር የሚሠራውን አዲስ ሒሳብ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር። ጎድፍሬይ ሃርዲ በ1898 አራተኛ ራንግለር የሆነ ሰው ነው። የታወቀው አስጠኚ የፈተና ብልሃት ብቻ ቢያስተምረው ሒሳብን ትቶ ወደ ታሪክ ለመዛወር አስቦ እንደ ነበር ይናገራል፤ ኦገስተስ ላቭ የተባለው መምህር አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ እንዲያነብ ባይመክረው ኖሮ እንጠፋው ነበር። እዚህም ላይ ሰውየውን ያዳነው በባልንጀርነት መንፈስ የተጠቈመ መጽሐፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከብዙ ክርክር በኋላ በ1907 ተራው እንዲቀር ተወሰነ። በ1909 ለመጨረሻ ጊዜ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የተማሮቹ ስም በየክፍሉ በፊደል ተራ ይታተም ጀመር። አንደኛው ስላልታወቀ የመጨረሻውም አልታወቀም፤ የእንጨቱም ማንኪያ በዚሁ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጥ ይመስለናል። በ1905 ከሌላ ተማሪ ጋራ እኩል ሲኒየር ራንግለር የነበረው ጆን ሊትልውድና የ1898ቱ አራተኛ ሃርዲ፣ ከ1911 ገደማ ጀምሮ አብረው መሥራት ጀመሩ። ሥራቸውም ሃርዲ እስከ ሞተበት እስከ 1947 ድረስ 35 ዓመት ያህል ቈየ። የዴንማርኩ ሊቅ ሃራልድ ቦር እንደ ገለጸው፣ ሁለቱ በመካከላቸው ያቆሙት ሕግ ነበር። አንዱ ለሌላው የሚጽፈው ስሕተት ቢሆንም አይነቀፍም፤ የተላከለት ሰው የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ያንኑ ዝርዝር ነገር ማሰብ አያስፈልጋቸውም፤ በስማቸው በሚወጣውም ጽሑፍ ከሁለቱ አንዱ ምንም ያልሠራበት ቢሆን ግድ የለም። በማዕረግ ተራ ያደጉ ሁለት ሰዎች፣ ማን ምን ያህል ሠራ የሚለውን ቈጠራ በገዛ ፈቃዳቸው ሰረዙት።

በጥር 1913 ከሕንድ አገር አንድ ደብዳቤ ለሃርዲ ደረሰው። ጸሓፊው ራማኑጃን የተባለ፣ ሌሎች ትምህርቶችን ችላ በማለቱ በኮሌጅ ፈተና ደጋግሞ የወደቀ ጸሓፊ ሠራተኛ ነበር። ሃርዲ በዚያው ማታ ደብዳቤውን ከሊትልውድ ጋራ ተቀምጦ መረመረውና የታላቅ ሊቅ ሥራ መሆኑን ተስማሙ። ራማኑጃን በ1914 ካምብሪጅ መጣ፤ በ1918ም የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በማንኛውም የማዕረግ ዝርዝር ላይ ቦታ ያልነበረውን ሰው ያገኙት፣ ባንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ማንበብ የለመዱ ሁለት ባልንጀሮች ናቸው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የደረስንበትን ባጭሩ እንናገር። ውድድር ባልንጀርነትን የግድ አያጠፋም፤ የራውዝና የማክስዌል ዘመን ተማሮች አብረው እየተማሩ ተወዳድረዋልና። የሚያጠፋው፣ ተራው ራሱ ግብ ሲሆንና አንዱ የያዘው ዕውቀት ከሌላው የተነጠቀ ሲመስለው ነው። የማዕረግ ዝርዝር በ8 ቀን ውስጥ ማን እንደፈጠነ በትክክል ይናገራል። ማን ለማን መጽሐፍ እንዳዋሰ፣ ማን ዓይን ለጠፋው ጓደኛው እንዳነበበ፣ ማን ለእውነት ሲል ደመወዙን እንደ ለቀቀ ግን አይናገርም። ካምብሪጅ ግን በዓለም ስትታሰብ ከምታኰራባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ ከሁለተኛው የመጡ ሆነው አግኝተናቸዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም በዚህ ኮሌጅ ውጤት በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ቁጥር ስማችንን ከላይ ወደ ታች በጣታችን መፈለጋችን አይቀርም። ይህን መከልከል አይቻልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ነገር ግን ከሰሌዳው ፊት ዞር ስንል፣ በእጃችን ያለውን መጽሐፍ ለማን እንደምንሰጠውና ከበሩ ውጭ የቆመው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ያንን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የሸጐጠው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ነገር ግን ይህን ጥናት ስናዘጋጅ አንድ ነገር ደጋግሞ ወደ አሳባችን ይመጣብን ነበር። ደብተራችንን ከትራሳችን ሥር አድርገን የተኛነው እኛ፣ ከዚያ ሰው የምንለየው መጽሐፉን ቀድመን ባለማግኘታችን ብቻ ነበር።